ጥርስ የማይጠይቅ የሥጋ ዳቦ

እናንተ የልጅ ልጆቼ፣ አፋችሁ ሙሉ ጥርስ ሆኖ፣ ሥጋ ለስልሶና ርሶ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ካልቀረበላችሁ አትበሉም። ሥሪልን ትሉኛላችሁ፣ እሠራላችኋለሁ። ሥራውማ ምን አለው፣ እናንተም እንኳ ትችሉታላችሁ። እኔ ግን አብሬያችሁ አልቀምስም። አጉረመረመች አትበሉ፣ ነገሩን ስሙት።

ባሌ ቤት የገባሁት መንገዱ በወረታ በኩል ሲሠራ ነው። ቤታቸው ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር፤ ክረምት ክረምት እንቁራሪቱ ከሰው ይበልጣል። በግቢው ውስጥ የባሌ አባት፣ የባሌ እናት፣ ባሌና እኔ ነን። ምራት ማለት እንግዲህ አፍ የሌላት ሁለት እጅ ናት። ቀና ብላ አታይም፣ ድምጿ አይሰማም። እኔን አፍሽን ዝጊ ከሚሉኝ የጉማራን ወንዝ ገድቢ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ማታ ማታ የባሌን አባት እግር አጥባለሁ። አባባ ነው የምላቸው። እግር አጣቢ አንገቷን ደፍታ ብዙ ታያለች። የዚያን ፋሲካ ያየሁት ውሻውን ነው። አባባ ከሚቀመጡበት መደብ ሥር ተጋድሞ፣ ሆዱ እንደ ቅል ተነፍቷል። አባባ ደግሞ ቅልጥማቸው እጄ ላይ እየቀጠነ ሄደ። ሥጋው የማን ሆድ እንደሚገባ ለማወቅ ደብተራ መሆን አያስፈልግም።

በዚያ ቤት በዓል ሲሆን አባወራው ብርንዶውን በጥርሱ ይዞ በካራ አንዴ ሳይቆርጥ ማንም እጁን አይሰድም። አባባ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ይቆርጣሉ፣ ሰው የጨዋነት ነው ይላል። በአዘቦቱም ሁለት ጉርሻ ጎርሰው «ጠገብሁ» ብለው ይነሣሉ። ምክንያት ነበራቸው። የባሌ ታላቅ ወንድም ይፋግ በኩል ጎጆ ወጥቶ የሚኖር ነው። «አባባ ደክመዋል፣ መሬቱን ያካፍሉን» እያለ ሽማግሌ ይልክባቸዋል። እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሥጋ መቁረጥ ሲያቅተኝ ያን ጊዜ ና በሉት።» ይህን የሰማ ሜዳው ሁሉ ነው። አንድ ጊዜ ከአፍ የወጣ ነገር በምን ይመለሳል።

አንድ ማታ ባሌና እናቱ ከብት ሊያስገቡ ወጥተው ሳለ፣ እግራቸውን እያሸሁ፣ «ውሻው አማረበት» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ውሻው ፋሲካው ተስማማው ነው ያልሁ።»

እግራቸውን ከውኃው አወጡ። «ለማን ተናገርሽ?» አሉኝ።

«ምራት ምን አፍ አላት ብለው ነው አባባ?»

ሳቁ። ሳይጠነቀቁ ነው የሳቁት፣ ያን ጊዜ አየሁት። ድድ ብቻ።

«ስንት ቀሩ?» አልሁ።

«ሁለት። እነሱም ተጣልተዋል፤ አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች፣ አይገናኙም።»

ለካ ከጋቢው ሥር ሥጋውን በጣታቸው ይዘው ነው የሚቆርጡት፣ ቁራጩም ለውሻው ነው። እኔ ደግሞ ከመዳሬ በፊት ወረታ አክስቴ ዘንድ ነበርሁ። አክስቴ መንገድ ለሚያሠራ ለአንድ ሽማግሌ ጣልያን ወጥ ትሠራለታለች። ሰውየው ጥርሱን ማታ ከብርጭቆ ውኃ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ጠዋት እንደ ጫማ ያጠልቀዋል። ታዲያ ድዱን ባመመው ቀን የሚበላው የሥጋ ዳቦ ነበር፤ አሠራሩን ከአክስቴ ሥር ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እሱን ለአባባ ልሥራ አልሁ።

ሥጋውን ጅማቱን አውጥቼ፣ እስኪደቅ በካራ እከትፋለሁ። የደረቀ ዳቦ በወተት እነክራለሁ፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፣ ዳቦው ወተቱን ጠጥቶ ሥጋውን ያርሰዋል። የፎገራ ላም ወተት ደግሞ ስስት አያውቅም። ዳቦውን ብዙ ሳልጨምቅ ከሥጋው ጋር አዋህዳለሁ፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ እንቁላል። እጅ ሲበዛበት ይደርቃል፣ እንደ ሕፃን ገላ ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ከድስት አስገብቼ፣ ከላይም ከታችም ፍም አደርግበታለሁ። ሲወጣ አይቆረጥም፣ ይታዘዛል። የፋሲካው ሥጋ ሲያልቅ ቋንጣውን ወቅጬ በወተት አሳደርሁ። የባሌ እናት ሙቀጫውን ሰምተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ትወቅጫለሽ?» ይሉኛል። «በርበሬ» እላለሁ። የዚያን ዓመት በኛ ቤት የተወቀጠው በርበሬ ጎንደርን ያቃጥል ነበር።

አባባ ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ሆነው ይበላሉ። መጀመሪያ ቀን ቅጠሉን ገልጠው አሸተቱት።

«ሥጋ ነው ዳቦ?»

«ሁለቱም ነው።»

«ሁለቱም ከሆነ ተከሳሽም ዳኛም ነው በይኛ።» ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድጋሚ ጎረሱ። «የሠራው ክርስቲያን ነው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ። ያሠራኝ ጣልያን ነው።»

«ጣልያን መድፉን ትቶ ይህን ይዞ ቢመጣ፣ አንድም ሰው ባልጠፋ» አሉ።

ኃምሳው ቀን ጾም የለው፣ እንዲህ ከረምን። አባባ ሞላ ሞላ አሉ፣ ውሻው ከሳ። ባሌ ውሻውን እያየ «ይህ ነገር ታሟል» ይል ነበር፤ እኔና አባባ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ጣራ ጣራውን እናያለን። በዚያ ቤት ሰው አብሮኝ የሳቀው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጰራቅሊጦስ መጣ፣ ከሰኔ ጾም በፊት የመጨረሻው ሥጋ። ታላቅ ወንድምየው ከይፋግ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር መጣ። አባባ ከሰው ፊት ያችኑ የጋቢ ዘዴያቸውን ሠርተው ሲጨርሱ ማታ የሚበሉት ይሁን ብዬ፣ የሥጋ ዳቦዬን ጋግሬ ከጓዳ ከቅርጫት ሥር አስቀመጥሁ። ውኃ ልቀዳ ወረድሁ።

ስመለስ የባሌ እናት አግኝተውታል። ምኑን ያውቃሉ፣ ምራቴ ለበዓሉ ያሰናዳችው ነው ብለው ደስ ብሏቸው፣ ቆራርጠው ለእንግዳው ሁሉ አድለዋል። ትልቁን ቁራጭ ለአባባ አድርገዋል። ብርንዶው ገና አልተነካም፣ ከሌማቱ ላይ ቀይ ሆኖ ተቀምጧል። እንስራዬን ሳላወርድ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ታላቅ ወንድምየው ጎርሶ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፣ ሳቁ እውነተኛ ነው። «ይህን ማን ሠራው? ጥርስ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ? ለድድ የተሠራ እኮ ነው።»

አንደኛው ጎረቤት፣ «ለሽማግሌ ማስታመሚያ ይሆናል» አለ።

አባባ ግን እጃቸው ከአፋቸው ደርሶ ነበር፣ አወረዱት። ቁራጩን በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ካራውን አምጡ» አሉ።

«አባባ፣ ካራው ይቆይ፣ ይህን ይብሉ» አሉ የባሌ እናት።

«ካራውን አምጡ አልሁ። እኔ የታመመ ሰው ነኝ?»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩት። ሰው ሁሉ ይይ ብለው ነው። ብርንዶውን ከአፋቸው አስገብተው በድዳቸው ነከሱት፣ በግራ እጃቸው ሳቡት፣ ካራውን ከሥር ወደ ላይ ላኩት። ሥጋው ከድዳቸው ሾለከ። ካራው የሚይዘው ሲያጣ ከንፈራቸውን ያዘ።

ደሙ ከብርንዶው ተለይቶ አይታይም ነበር፣ ነጩ ጢማቸው ላይ እስኪወርድ። ታላቅ ወንድምየው ተነሥቶ በነጠላው ጫፍ ያዘላቸው። አፋቸው ውስጥ አየ። ሁላችንም አየን።

«አባባ» አለ በቀስታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው፣ በሩ ላይ እንስራ ተሸክሜ። «ይህች ልጅ ናት ጥርሴን ያወለቀችው» አሉ። ነገሩ ያልገባው ሰው ይህን የቁጭት ንግግር አደረገው። እኔ ገብቶኛል። ያንን ቅጠል ባልጠቀልል፣ ከጋቢው ሥር ሆነው እንደ ልማዳቸው ያልፉት ነበር።

ሽማግሌ ሳይላክ ቃላቸውን ጠበቁ። በሳምንቱ ራሳቸው ልጆቻቸውን ጠርተው መሬቱን በገመድ አስለኩ። ለኛ የደረሰን ውኃ የሚተኛበት ነው፤ ጥቅምት እስኪጋመስ እግር አይቆምበትም። ባሌ ለዓመት ያህል ከእኔ ጋር በውል አልተነጋገረም። እንጀራ ሳቀርብለት እንኳ «አስቀምጪው» ነው፣ ሌላ የለም።

አባባ ከእጄ መብላት ተዉ። እግራቸውንም ራሳቸው ታጠቡ፣ ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ። ሐምሌ ላይ ጾሙ ሲፈታ፣ ሰው ሳያየኝ የሥጋ ዳቦ ሠርቼ ከድርቆሹ ጀርባ ወሰድሁላቸው።

«ይብሉ አባባ። አሁን ማንን ይደብቃሉ?»

«የሚደበቅ ነገር ሲኖረኝ ይጣፍጥ ነበር» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። ውሻው ሲጠጋ ለሱ ሰጠሁት፤ ምን ላድርግ። ነሐሴ ላይ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሐይቅ ሲሆን፣ አረፉ። ሰው ብርድ ነው አለ። የሣጥኑ ሳንቃ ሳይጠፋ ሬሳቸውን የሚያሻግር ታንኳ አጥተን አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅን።

ተዝካራቸው ሲወጣ በሬ ታረደ። ካራውን የያዘው ታላቅ ወንድምየው ነው፤ ጥርሱ ነጭ ነው፣ ደህና አድርጎ ቆረጠ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲሄድ የባሌ እናት ጓዳ ገቡ። አንድ ድርሻ ሥጋ በሰፌድ ይዘዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ነገር ሥሪልኝ» አሉኝ።

ከትፌ፣ ዳቦውን ነክሬ፣ ጠቅልዬ ጋገርሁት። ከጉልቻው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲበሉ አየኋቸው። አገጫቸው ከአፍንጫቸው ይገናኛል። አንድም ጥርስ የለም። እኔ ነገር አዋቂዋ፣ ዓመት ሙሉ አብረን ጭስ ስንጠጣ አላየሁም። ሴት የምትበላው በስተመጨረሻ ነው፣ ጓዳ ነው፣ ጨለማ ነው፤ አፏን ማን ያያል።

«ይህን ነው አባባ ከኔ ደብቀው ሲበሉ የነበረው?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«የኔ ጥርሶች ካለቁ እኮ ስንት ዘመናቸው። ቢጠይቁኝ እንዴት እንደሚበላ አሳያቸው ነበር።»

እኔ ፍሙን ቆሰቆስሁ። ቅጠሉ ላይ የቀረውን በጣታቸው ጠርገው በሉት።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።