ኩፍኝ ፈላጊው

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ያለው ቀበሌያችን የጤና ወኪል አድርጎ መረጠኝ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ተላላፊ በሽታ ሳይዛመት ማሳወቅ ነበር። አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ የጨርቅ ቦርሳ አንግቼ ስመለስ አረማመዴ ሳይቀር ተለወጠ። እናቴ "ለሐኪሙ ምሳ ይቅረብ?" እያለች ታሾፍብኝ ጀመር። እኔ ሞኙ ከልቧ መስሎኝ ነበር።

አንድ በጋ ጎፋ በኩል ኩፍኝ ገባ ተባለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰፈሩን አካለልኩት፤ የልጆች ዓይን እገልጣለሁ፣ አፍ አስከፍታለሁ፣ እናቶችን ስለ ኋላ ቀር ልማድ እሰብካለሁ። በመካከሉ ጉንፋን ቢጤ ያዘኝ፣ ዓይኔም ቀላ። በአቧራው አሳብቤ ዙረቴን ቀጠልኩ።

አንዲት ጎረቤታችን ያለ ወሩ የተወለደ ልጅ ታቅፋ አራስ ቤት ነበረች። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው አልሰነበቱላትም፤ ለዚህኛው ሰፈሩ ሁሉ ይሳሳለታል። እሱን ሳላይማ ምኑን ወኪል ሆንኩት ብዬ ሄድኩ። የአራሷ እናት በሩ ላይ ቆመው ከለከሉኝ።

"ከፀሐይ መጥተህ አራስ ቤት አትገባም። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥና ይብረድልህ።"

"እማማ፣ ይሄ ኋላ ቀር ልማድ ነው። የቀበሌ ሥራ እያደናቀፉ እኮ ነው!"

"አደናቅፋለሁ። ተቀመጥ አልኩህ።"

አኩርፌ፣ እያስነጠስኩ ተቀመጥኩ። ራሴን ሲከብደኝ ጊዜ ግን ቀበሌ እከሳቸዋለሁ እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ እናቴ ፊቴን አይታ ጮኸች። ከጆሮዬ ጀርባ ጀምሮ ሽፍ ብሎብኛል። ሚስት ለማግባት ደርሼ ኩፍኝ! በቀበሌያችን መጀመሪያ የተገኘው በሽተኛ እኔ፣ ያሳወቅሁትም እኔው። የጤና ጣቢያ ሰዎች የገባህባቸውን ቤቶች ንገረን ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያልገባሁበትን መናገር ይቀል ነበር።

ጥቂት ልጆች ታመው፣ ተመስገን፣ ሁሉም ዳኑ። እኔ ግን ተኝቼ የምፈራው ለዚያ ሕፃን ነበር። እናቴን በየጠዋቱ "ልጁ እንዴት አደረ?" እላታለሁ። ደህና ነው ስትለኝም አላምናትም።

የክርስትናው ቀን ተጠራሁ። ማንም ሳያዘኝ ያችው ድንጋይ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እማማ ወጥተው እጄን ይዘው አስገቡኝና ሕፃኑን አስታቀፉኝ። ወፍሯል፣ ጉንጩ ተነፍቷል። ለካ ትንፋሼን ውጬ ኖሯል።

"ኧረ ተንፍስ፣ ልጄ" አሉኝ። "ዛሬ እንኳ ምንም የለብህም።"