ከመርዶው በፊት የለጠፍኩት ቪዲዮ

ክርክር መሸነፍ አልወድም። እናቴ «ምላስሽን ለአንድ ቀን እንኳ አሳርፊው» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እኔ ግን አድጌ የቪዲዮ ኤዲተር ሆንኩና ጭራሽ እንደኔው ምላሰኛ የሆኑ አርባ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። ሁላችንም የሰርግ፣ የልደትና የልቅሶ ቪዲዮ እየቆረጥን የምንኖር ነን። እየሠራን እንነታረካለን። በስልኩ ብቻ ኤዲት የሚያደርግ አንድ ነገረኛ አለ፤ «ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ኤዲተር ከሆነ፣ መሪ የጨበጠ ሁሉ ሹፌር ነዋ!» ይለናል። ሌላው ቀበል ያደርግና «አንተ በዚያች ስልክህ ሙሽራዋን ከሚዜዋ መለየት አቅቶህ አልነበር?» ይለዋል። እንዲህ ስንባባል እንውላለን።

ከሁሉ የማያልቀው ክርክራችን የስሎው ሞሽን ነገር ነበር። እኔ ሰው ሲስቅም ሲያለቅስም ምስሉን ማዘግየት እወዳለሁ። ግሩፑ ውስጥ ከኔ ሌላ ያለችው ሴት አንዲት ናት። አስኮ ነው የምትኖረው፤ በአካል ተያይተን አናውቅም፤ በፎቶዋ ቦታ አበባ ነው ያደረገችው። እሷ ስሎው ሞሽን አይጥማትም። «ሰው ዕድሜውን ሙሉ በደህናው ፍጥነት ኖሮ አንቺ ጋ ሲደርስ ለምን ይንቀራፈፋል?» ትለኛለች። ታበሽቀኛለች፤ ግን እወዳታለሁ። ስትወልድ ግሩፑ በሙሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምጿ ጠፋ። አራስ ናት ብለን ተውናት።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከታክሲ መዞሪያው ጀርባ ወዳለችው ክፍሌ የልቅሶ ቪዲዮ ይዞ መጣ። ወንድሙ ለሥራ ጎጃም እንደሄደ በድንገት አርፏል። ቪዲዮው ለልቅሶ መድረስ ላልቻሉ ዘመዶች የሚላክ ነው። ፍላሹን ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ።

«አደራሽን እህቴ፣ ለማንም እንዳታሳዪ። ትንሿ እህታችን አራስ ናት፤ ድንጋጤ ወተቷን እንዳያደርቀው እስከ ክርስትናው አናረዳትም። እናታችን እንኳ አስኮ ልትጠይቃት ስትሄድ ጥቁሯን አውልቃ ነው።»

«እሺ፣ አታስብ» አልኩት። እሺ ያለው አፌ ብቻ ነበር። ልቤ ስልኬ ላይ ነው፤ ክርክሩ ጦፏል።

ቅዳሜ ከሰዓት ያ ነገረኛ «ስሎው ሞሽን የሚያበዛ ሰው የሚናገረው ያጣ ነው» ብሎ ጻፈ። ሳቁ ጎረፈ። ደሜ ፈላ። ኮምፒውተሬ ላይ እናትየው የሟቹን ፎቶ ደረታቸው ላይ አድርገው የሚያለቅሱበት ቦታ ተከፍቷል፤ አዘግይቼው በጣም አምሮልኝ ነበር። አሥር ሴኮንድ ቆረጥኩና «እስቲ ይህን አይታችሁ አውሩ!» ብዬ ለጠፍኩት። የሰውየው አደራ ትዝ እንኳ አላለኝም።

መልሱ ወዲያው ዘነበ። አንዱ አስለቀሰኝ አለ። ነገረኛው «ኔትወርኬ ነው ወይስ ሴትዮዋ ናቸው የተንቀራፈፉት?» አለ። አፍሬ ልናገረው ሲገባኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንዱ ረጋ ያለ ሰው «የሟች ቤተሰብ ይህን እንደለጠፍሽ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያኔ ነው ጭው ያለብኝ።

ከማጥፋቴ በፊት ቪዲዮውን ማን ማን እንዳየው ዝርዝሩን ከፈትኩ። አበባዋ አለች።

አስኮ። አራስ። «አስኮ ውስጥ ስንት አራስ አለ!» አልኩ ለራሴ። ቪዲዮውን አጠፋሁት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ልጻፍላት? እሷ ካልሆነች ምንም አይደለም። እሷ ከሆነችና መልእክቱን አልፋው ብቻ ከሆነ ግን፣ መጠየቄ ራሱ መርዶ ነው። ስልኩን አስቀምጬ መልሼ አነሳሁት። በውስጥ መስመር እየጻፈች እንደሆነ ያሳየኛል፤ ይጠፋል። እንደገና ያሳየኛል፤ ይጠፋል። ውጭ ረዳቶቹ «አስኮ! አስኮ! የሞላ!» ይላሉ። ሮጬ ታክሲ ውስጥ ልግባ? ገብቼስ የማንን በር ላንኳኳ?

በመጨረሻ ሁለት ቃል መጣ። «መቼ ነው?»

ምን ብዬ ልዋሽ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነገርኳት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። አሁኑኑ ቪዲዮውን ያመጣው ወንድምሽ ጋ ሄጄ ጥፋቴን እናገራለሁ አልኳት።

«እንዳታደርጊው» አለችኝ። «እናቴ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበረች። ቢጫ ሻሽ አስራ ልጁን እያጫወተች ስትስቅ ነበር። ያቆማት ይኼ ነው። ማወቄን ካወቀች ትወድቅብኛለች። እስኪነግሩኝ አልሰማሁም።»

ክርስትናው እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። በነዚያ ቀናት ግሩፑ ውስጥ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ነገረኛው «ተሸነፈች!» ብሎ ጨፈረብኝ። ሁልጊዜ የማስበው ያቺን አራስ ነበር። እናቷ ሲስቁ እሷም ትስቃለች። ሁለቱም አንድ ሞት ይዘው እርስ በርስ ይደባበቃሉ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወተቷ ደረቀ የሚል መልእክት የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ወንድምየው የተጠናቀቀውን ቪዲዮ ሊወስድ መጣ። እናትየው የሚያለቅሱበትን ቦታ ወደ ደህናው ፍጥነት መልሼዋለሁ። አይቶ ዓይኑን ጠረገና «እግዜር ይስጥልኝ፤ አደራ ጠባቂ ነሽ» አለኝ። «ጎበዝ መሆንሽን የሰማሁት ከዚያችው ከአራሷ ነው። በስልክ የምትጨቃጨቀኝ አንዲት የኮልፌ ልጅ አለች እያለች ቤት ውስጥ ስታወድስሽ ነው የምትውለው።» ምላሴን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጥኩት።

ከክርስትናው ማግስት ሽማግሌዎች በማለዳ ሄደው አረዷት። የቤቷን አቅጣጫ ራሷ ጽፋልኝ በዚያው ቀን አስኮ ሄድኩ። ከበር ጀምሮ ጩኸቷ ይሰማል። ሴቶቹ ከግራ ከቀኝ ይዘዋታል። ቀና ብላ ስታየኝ ማን እንደሆንኩ ገባት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮዬ ሥር «ሦስት ሳምንት ሙሉ ትራስ ስነክስ ነበር» አለችኝ። አብሬያት አለቀስኩ።

እናትየው ከፍራሹ ተነስተው መጡ። በቪዲዮ ስንት ቀን ያፈጠጥኩባቸውን ሴት በአካል ሳይ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። የሥራ ጓደኛዋ መሆኔን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አይዞሽ በያት ልጄ» አሉኝ። «ያለ ዛሬ አልሰማችም።»

እኔም «አይዞሽ» አልኳት።