ቫይረስ እያልኩ የሰረዝኳቸው ትንንሽ ፋይሎች

የባለቤቴ ዓይን እየደከመ መሆኑን ከአፉ አልሰማሁም፤ ከቪድዮ ፋይል ነው ያነበብኩት። ሃያ ዓመት አንድ ቤት ኖረናል፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አምስቱን አንድ ሥራ ስንሠራ ነው ያሳለፍነው። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ አቀናብራለሁ። ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከአማን እስከ ሸዋ ቤንች ስንት ሙሽራ እንደዳርን እንጃ፤ ሁሉንም እኔ የወለድኳቸው ይመስል ወገቤ ተቆርጧል።

በእኛ አገር ሠርግ የሚመጣው ቡናን ተከትሎ ነው። ቡናው ተለቅሞ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ደርቆ ሲያልቅ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ልጁን መዳር ያምረዋል። ያኔ እሱ ካሜራውን ተሸክሞ ከድንኳን ድንኳን ይዞራል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተተክዬ እውላለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምቆርጠውን ዘፈን እንኳ መስማት አልችልም፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሴቭ ያላደረግኩት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቶሎ ነው የምቆጣው፤ አልክድም።

ችግሩ የጀመረው በብርሃን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ገደማ እሱ የሚያመጣው ቀረጻ ሁሉ እየነጣ መጣ። ቬሎው ከሰማዩ አይለይም፣ የሚዜዎቹ ግንባር ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ላይ ዝም አላልኩትም። «ሰውዬ፣ ሙሽራ ነው የቀረጽከው ወይስ አምፖል?» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። «አሳምሪያት እንጂ፤ አንቺ እዚህ የተቀመጥሽው ለምንድን ነው?» ይለኛል። እኔም ቀረጻውን እየቆራረጥኩ አጠቁርለታለሁ፤ ቀሚሱን፣ ሰማዩን፣ ፊቱን። የአንድ ሠርግ ቀረጻ እኮ ስድስት ሰባት ሰዓት ነው፤ ቀልድ መሰላችሁ? ጥቂት ወራት ተነጫነጭኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ሰው ሲደክመው መቆጣትም ሥራ ይሆንበታል። የካሜራውን ካርድ ያቀብለኛል፣ እቀበለዋለሁ፣ ብርሃኑን እቀንሳለሁ፣ አለቀ። ደንበኛም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር።

አምና አንዲት የሸዋ ቤንች እናት ሱቃችን እስኪመጡ ድረስ ማለቴ ነው። ልጃቸውን ድረው ወደ ማጂ ሸኝተዋታል። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ እዚህ ውስጥ የለችም» አሉኝ። የቷን ቦታ እንደሚሉ ወዲያው ገባኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ልጃቸውን አቅፈው ሲመርቋት ነው። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ከመሃል ደግሞ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ፊት። ሳቀናብር አይቻት ነበር። ብርሃን ካለልክ ከገባ ፊቱ ፋይሉ ውስጥ አይኖርም፤ ባጠቁረው አመድ ነው የሚሆነው። ማን ልብ ይለዋል ብዬ ነበር ያለፍኳት። «ይቅርታ፣ እናቴ» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ነው የምትዳረው» አሉና ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ እናትየው ያሉትን ነገርኩት። «ካሜራው ነው፤ አርጅቷል» አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! «እሺ፣ ካሜራው ከሆነ ይጣላል። አንተ ከሆንክ ግን አልለቅህም» አልኩትና ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ።

ፎቶ ቢሆን ቀላል ነበር። ፎቶ ካሜራው በምን ልክ እንዳነሳው ጠቅ ብታደርጉት ይናዘዛል። ቪድዮው ግን ርዝመቱንና ክብደቱን ነግሮኝ ዝም አለ። ጅማ ያለ አንድ የሙያ ጓደኛችን ዘንድ ደወልኩ።

«ከቪድዮው ጎን ያንኑ ስም የያዘች ትንሽ ፋይል አለች» አለኝ። «የስሟን ጭራ ወደ ፎቶ ፋይል ለውጪና ክፈቻት። የእናንተ ካሜራ ሴቲንጉን የሚጽፈው እዚያ ላይ ነው።»

«የቷ? ያቺ ቫይረሷ?»

«የምን ቫይረስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ያለበት ነው። ዘፈን ላስጭን፣ መዝሙር ላስጭን ብሎ የመጣ ሰው ፍላሹን ሲሰካው ፎልደሩ ሾርትከት ይሆናል፣ የማናውቃት ትንሽ ፋይልም ብቅ ትላለች። ስለዚህ ሚዛን ውስጥ ኮምፒውተር የነካን ሰዎች አንድ ሕግ አለን፤ ትንሽ ሆና ስሟ ካላማረህ ሰርዛት። እኔም ከካርድ በገለበጥኩ ቁጥር እነዚያን ትንንሾች ልክ እንደ ጠጠር አንድ በአንድ ለቅሜ ስጥል ኖሬአለሁ። ከእኔ በላይ ንጹሕ ኮምፒውተር ያለው ሰው የለም ብዬም እኮራ ነበር። ይህን ስነግረው ጓደኛችን እስኪያስለው ሳቀ። «ኧረ አንቺ ሴት! የራስሽን መዝገብ እኮ ነው ስትሰርዢ የኖርሽው» አለኝ። ሳቁ አልተጋባብኝም።

የተረፉት እኔ ያልነካኋቸው ብቻ ናቸው። ባለቤቴ አንዳንዴ እኔ ሳልኖር ካርዱን እንዳለ ገልብጦ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ይጥለዋል፤ ስንፍናው ነው። በዚያች ስንፍናው አሥራ አንድ ሠርግ ተገኘ። ሦስት ቀን ሙሉ ስማቸውን እየለወጥኩ ከፈትኳቸውና የየሠርጉን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ ለምን እንደጀመርኩት ራሴን ጠየቅኩ፤ ሥራ ተከምሮብኝ ነበር።

ዓይኔን የያዘው አይኤስኦ የሚሉት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ባደገ መጠን ካሜራው ብርሃኑን እያጋነነ ያያል። ፀሐይ ላይ መቶ ይበቃል፤ ከፍ የሚደረገው ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ነው። የድሮዎቹ ሠርጎች ደጅ የተቀረጹት ሁሉ መቶ ናቸው። ከዚያ የአንዱ ሁለት መቶ ሆነ። ከዚያ አራት መቶ። ከዚያ ስምንት መቶ። የሸዋ ቤንቿ ልጅ፣ ደመና በሌለበት ቀትር፣ ሺህ ስድስት መቶ! ካሜራ ሲያረጅ ይበላሻል እንጂ እንዲህ ደረጃ በደረጃ አይወጣም። ይህን ቁጥር የሚያዞረው የሰው ጣት ነው። በጠራራ ፀሐይ የጨለመበት ሰው።

ቀረጻዎቹን ደግሜ አየኋቸው። ድሮ ከጎን ሰው ሲመጣ እሱ ቀድሞ ዞሮ ይጠብቀው ነበር፤ የቅርቦቹ ላይ ግን የሙሽራው አባት ዳር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ግማሽ ፊታቸው ተቆርጦ ቀርቷል። ከዚያ የቤቱ ነገር ትዝ አለኝ። ሻይ ከስኒው ጎን ሲቀዳ «ሳትጠጣ ሰከርክ?» ብዬዋለሁ። የበር መቃን ሲገጭ ስቄበታለሁ። መጀመሪያ በእሱ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ በራሴ፣ ከዚያ ፍርሃት ያዘኝ። ዓይኑ ከሄደ እሱ ምን ይሆናል? ካሜራ ሳይይዝ አንድ ሳምንት የዋለ ሰው አይደለም።

ምሳ ላይ ደብተሩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። ሙያው ነውና ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች አነበበና እንጀራውን ተወው።

«መሃሉ ደህና ነው» አለኝ። «ዳር ዳሩን ነው ጭጋግ የያዘብኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅርብ ነው።»

«ነገ ጅማ እንሄዳለን።»

«ነገ ቴፒ ሠርግ አለብኝ።»

«ቴፒ ይቃጠል!» አልኩት። ቴፒ ምን አደረገኝ፤ ከአፌ ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስለፈልፍ ከሰዓት ሆነ። ሠርጉን ለሌላ ባለ ካሜራ ሰጠነውና በማግስቱ ማለዳ መኪና ተሳፈርን። 

ጅማ ላይ የመረመረችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ፊቱን መሣሪያ ላይ አስደግፋ ብልጭታ ባየ ቁጥር የሚጫናት ቁልፍ አስያዘችው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ የቁልፏን ድምፅ እሰማለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝምብኝ «ተጫን እንጂ!» ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ የዓይን ግፊት ነው» አለችው። «የሄደው አይመለስም። ጠብታውን ሳያቋርጡ ከተጠቀሙ ግን የቀረውን እናቆየዋለን። ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ቅርብ ነው» አለ ደግሞ።

ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ሁለት ዓመት አልፎታል» አልኳት። ስለ ካሜራ አታውቅምና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስረዳኋት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። «ያኔ መጥታችሁ ቢሆን ብዙ ይተርፍ ነበር» አለች። እየወቀሰችን አልነበረም፤ የጠየቀችውን ሰምታ መለሰች፣ በቃ።

ጠብታውን እስኪሰጡን ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። «ለምን አልነገርከኝም? ባዳ ነኝ? ጎረቤት ነኝ?» አልኩት።

እኔን ለማየት ፊቱን ሙሉ በሙሉ አዞረ። የምሩን ነው የገረመው።

«የምታውቂ መስሎኝ ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ትቆጪኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ተውሽው። ምንም ሳትይ ብርሃኑን ትቀንሽልኝ ጀመር። ገብቷት ነው፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ነው የምትሸፍንልኝ አልኩ። አንቺ ዝም ስትዪ እኔም ዝም አልኩ። ስንት ጊዜ በልቤ መረቅኩሽ።»

አዎ አውቅ ነበር ብለው፣ እያየሁ ዓይኑን ያስበላሁት እኔ ልሆን ነው። አይ ብለው ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲመርቃት የኖረው ሴት የለችም ማለት ነው። ነርሷ ስሙን ጠራች፤ ሁለታችንም አልተነሳንም።

«አላወቅኩም» አልኩት። «ደክሞኝ ነው ዝም ያልኩት።»