ነጠላዬን ያለበስኳት ሶላር

ልጄ ያገባችው ከደራ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ ናዝሬት ላመጣት ሄድኩ። በእኛ ወግ የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል። ደግሞስ መብራት በሌለበት አገር ምጥ ቢመጣ በምን ያዩላታል? የቆቃ ግድብ ትልቁ የመብራት ሽቦ በመንደሩ አናት ላይ ያልፋል እንጂ አይወርድላቸውም።

"እማ፣ ሶላር አለን እኮ" አለችኝ።

ሶላር ያለችው ግቢው መሃል በድንጋይ የተደገፈች፣ ከሰፌድ ብዙም የማትበልጥ መስታወት ናት። የባሏ እናት ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እየተነሱ ያዞሯታል፤ ዶሮ ሲወጣባት ያባርራሉ።

በማግስቱ እሳቸው ገበያ ሄዱ፤ ልጄ ጋደም አለች። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። መስታወቷን ብነካት ትፋጃለች። የሰው ንብረት እኔ እያየሁ ከሚፈነዳ ብዬ ነጠላዬን አለበስኳት፤ ዳር ዳሩንም ጠጠር ጫንኩበት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ አምፖሏ ብልጭ ብላ ጠፋች። የባሏ እናት ወጥተው ነጠላዬን አገኙት።

"ዋቃዮ! ይህን ማን አደረገ?"

"እኔ ነኝ እማማ፤ ፀሐይ እንዳይጎዳት ብዬ።"

"ፀሐይ እንዳይጎዳት!" ሳቃቸውን ለቀቁት። "ላሟን ሣር እንዳይጎዳት ብለሽ አፏን አሰርሽባት በይኛ!"

"እኔንም ያሳደገችኝ እንዲህ ሸፍና ነው" አለች ልጄ ከውስጥ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። "አሁን ምጥ ቢይዝሽስ? ነገ አብረን እንሄዳለን" አልኳት።

ይህን ስል የባሏ እናት በአጥሩ በኩል በኦሮምኛ ተጣሩ። ወዲያው ጎረቤታቸው የራሷን መብራት ይዛ መጣችና ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

"አንቺ ቤትስ?" አልኳት።

"እኔ ቤት ነፍሰ ጡር የለ፣ አራስ የለ። ምድጃ ዳር እናወራለን።"

ለካ ልማዳቸው ነው። የአንዱ ሶላር ያልሞላ ዕለት፣ መብራት ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ቤት ይቀድማል።

ቢሆንም እኔ በወሬ አላምንም። ጠዋት ልጄን ይዤ በእግር ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ትልልቅ ሶላር ተደርድሯል። አልጋውን በእጄ ነካሁ። አዋላጇን መብራቱን አብሪልኝ አልኳት፤ አበራችልኝ። አጥፍተሽ ድገሚው አልኳት፤ ደገመችልኝ። ልጄ በሐፍረት መሬት መሬት ታያለች። ትፈር።

ከዚያ ብቻዬን ወደ ናዝሬት ተሳፈርኩ፤ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ሸክፌ ልመለስና፣ እስክትወልድም እስክትጠነክርም አብሬያት ልቀመጥ። የወጉ ቁም ነገር እናት ካጠገቧ መሆኗ ነው፤ ቤቱማ የትም ቢሆን ቤት ነው።

ነጠላዬን እዚያው ተውኩት። የባሏ እናት አጥበው፣ አጥፈው አስቀምጠውታል።

"ለሕፃኑ ነው" አሉኝ ሲሸኙኝ። "ሶላሯን እንደሆነ ዶሮም አላስነካት፣ አንቺንም አላስነካሽ።"