ከሃያ አራቱ ላይ አሥራ ሁለት

ዘሩ ዝም ቢል ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር። ታዲያ ለምን ተናገረ? ሦስት ዓመት አብሬው በጉርብትና ኖሬያለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም።

ዘሩ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው በገንዳ ውሃ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል። ከወሎ ለሰሊጥ አጨዳ ብቻውን መጥቶ እዚሁ ቀረ። ቤቱ የሚገባ ሰው ቢኖር ሸጋው ብቻ ነው፤ ከገለጉ ወደ ጎንደር ሰሊጥ የሚያመላልሰው ሾፌር። ሸጋው በመጣ ቁጥር እንደ ሱዳኖቹ «ያ ዙል! አንተ ሰው! አለህ?» እያለ ይገባል፤ ምሳም አብረው ይበላሉ።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሸጋው እየተሳደበ መጣ። መኪናው ጭነት እንደያዘ አልነሳ ብሎታል።

«ጉድ የሠራችኝ ያቺ ባትሪ ሻጭ ዘምዘም ናት! ባትሪው ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም! ሱቋ በር ላይ ቆሜ ነው የማዋርዳት። አንተ ብቻ ‹ሲሸጥም የሞተ ባትሪ ነው› በልልኝ።»

ዘሩ ሁለቱን ባትሪዎች ለካ። አንዱ ደህና ነው፤ ሌላው ወርዷል። ምክንያቱን ሳይለካም ያውቀው ነበር።

«ዘምዘምን ተዋት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ደግሞ አንተን ምን አገባህ?»

«የመኪናህን ቴፕ የገጠምኩልህ እኔ አይደለሁ?»

ከባድ መኪና ባለ አሥራ ሁለት ቮልት ሁለት ባትሪ ተያይዞ በሃያ አራት ነው የሚሠራው። ያን የሚያህል ሞተር በአሥራ ሁለት ላስነሳ ቢሉ፣ ለዚያው ጉልበት እጥፍ ከረንት መፍሰስ አለበት፤ ሽቦው ይግላል፣ እንዳይግል ደግሞ በጣም የወፈረ መዳብ ይጠይቃል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቴፑ ግን ባለ አሥራ ሁለት ነበር። ቮልቱን የሚያወርደው ዕቃ ከጎንደር እስኪመጣ መጠበቅ ሲገባው፣ ሸጋው «በዚያ ጫካ ብቻዬን ነው የምነዳው፤ ዛሬውኑ ሥራልኝ» አለው። ዘሩም ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ጠልፎ ሰጠው። ዲናሞው ሁለቱንም እኩል ይሞላል፤ አንዱ ግን ቴፑንም ስለሚመግብ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

«እያወቅህ?» አለ ሸጋው።

«እያወቅሁ። ብቻዬን ነው የምነዳው ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«እሺ ያኔስ አቃተህ። ይህን ሁሉ ወር አብረን ስንበላ አፍህን ምን ይዞት ነበር?»

ዘሩ የቴፑን ሽቦ ነቅሎ አወጣ። የደከመውን ባትሪ ፈታና፣ ማታ ቤቱን የሚያበራበትን የራሱን ባትሪ አምጥቶ ገጠመለት። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

«የተለያዩ ባትሪዎች አብረው አይበረክቱም፤ ጎንደር ስትደርስ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይራቸው።»

ሸጋው «እሺ» ብቻ ብሎ የመኪናውን በር ዘግቶ ሄደ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ዘምዘም ምንም አልሰማችም። ዘሩ በሱቋ ፊት ሲያልፍ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልጠራችውም።

ያን ቀን ዘሩ ምሳ ሳይበላ ገብቶ ተኛ። በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ስስ ነው፤ አልጋው ሲንቋቋ፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲንቋቋ ቆየ። ድምፁ ጠፍቶ እንቅልፍ የወሰደው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ያጣው መብራት ሳያስፈልገው፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር።