አሥራ ዘጠኝ ማይል

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ዕለት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ሻንጣዬ መሀል ቤት ተከፍቶ፣ የባለቤቴ የሰናይት ዘመዶች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠው፣ ልክ እራት ሊቀርብ ሲል ድርግም። ወዲያው ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አሥራ አራት ዓመት የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ ስለሠራሁ፣ በሰፈራችን መብራት በጠፋ ቁጥር ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ። አማቴ በጨለማው ውስጥ "እንግዲህ ስትሄድም አጥፍተህብን ነው" አሉኝና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሰናይት ግን አልሳቀችም። ሰባት ዓመት የሞላት ልጃችን ቤዛ ጉልበቴ ላይ ተኝታ ነበር፤ እንዳትነቃ ብዬ እግሬ እስኪደነዝዝ አልተነቃነቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ሦስታችንም ልንሄድ ነበር። የሰናይት የሳንባ ራጅ ላይ የድሮ ጠባሳ ታየና አክታ ሰጥታ ሁለት ወር ትጠብቅ ተባለ። የቤዛም ወረቀት ከእናቷ ጋር ቆየ። የእኔ ቪዛ ወጣ። ዘመድ ተሰብስቦ "አንተ ቀድመህ ቤት ያዝ፤ ሁለት ወር ምን አላት" ብሎ ፈረደ። ጥር 2012 ነው። ሁለት ወር ምን እንዳላት ያን ጊዜ ማን ያውቃል? በመጋቢት ዓለም በሙሉ በሩን ዘጋ። ሰናይት ምንም በሽታ የለባትም የሚለውን ውጤት ይዛ ኤምባሲው ደጃፍ ብትሄድ ቢሮው ተዘግቷል። መስከረም ሲጠባ የዲቪው ዘመን አለፈበት፤ እኔ አሜሪካ ኮሎምበስ፣ እነሱ እዚያው። እንደ አዲስ በራሴ በኩል አመለከትኩላቸው።

አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች አዲሱን መኪናዬን በፎቶ አይታችሁ "ደሬ ተመቸው" ብላችኋል አሉ። እስቲ ልንገራችሁ።

የማድረው ዌስተርቪል፣ የጋሼ መኩሪያና የእትዬ ብዙነሽ ቤት ሥር ያለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሁለቱም ጌታን የተቀበሉ፣ ሃያ ዓመት እዚህ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ጾም ስይዝ እትዬ ብዙነሽ በሃይማኖቴ እየተከራከሩኝ ሽሮውን ግን ያለ ቅቤ ለብቻው ይሠሩልኛል። የምሠራው ኦቤትስ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው። ከቤቴ እዚያ ድረስ ሃያ ማይል ገደማ ነው፤ ከተማውን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ማቋረጥ ማለት። ሺፍቴ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል፤ እነሱ ሦስት ፒኤም ይሉታል።

በሥራዬ ቦታ ያረፈደ ሰው አይሰደብም፣ አይመከርም፤ ፖይንት ይሰጠዋል። ስምንት ፖይንት የሞላው ይባረራል። የመጀመሪያዋ አሮጌ መኪናዬ ሃይዌይ ላይ እየቆመች እየቆመች ስድስት ፖይንት አስቆጠረችኝና አረፈች። ሌላ ልገዛ ብል በዚያ ሰሞን መኪና የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቷል። መኪና ሻጮቹ፣ ዲለሮቹ ግቢ ስትሄድ ባዶ አስፋልት ነው። አንዱ ጋ ሻጩ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት አዲስ ሰማያዊ መኪና አሳየኝ፤ ያዘዛት ሰው ትቷት ነው። የኤሌክትሪክ ናት። የት ነው ቻርጅ የማደርገው ብዬ ጠየቅኩት።

"ቤትህ" አለኝ።

"ቤት የለኝም። ቤዝመንት ነው ያለኝ።"

"ፐርፌክት" አለኝና ወረቀቱን አቀረበልኝ።

ምኑ ፐርፌክት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ከኤሌክትሪክ ጋር ነው፤ ይሄስ በእኔው ሙያ የመጣ ነው ብዬ ፈረምኩ። ከድጡ ወደ ማጡ።

ጋሼ መኩሪያ ጋራዣቸውን ለቀቁልኝ። ፈጣን ቻርጀር ለማስገባት የሚያስፈልገው የፈቃድና የኤሌክትሪሽያን ወጪ ብዙ ስለሆነ፣ ከተራው የግድግዳ ሶኬት መጠቀም ጀመርን። ከዚያ የሚገባው ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰክተህ የምታገኘው ለሥራ ደርሶ መልስ ብቻ ነው። በመጸው ደህና ነበርን። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ትናንት ሁለት መቶ ማይል ይል የነበረው ሰሌዳ ዛሬ መቶ ሠላሳ ይል ጀመር። ሃያ ማይል ነድቼ ሠላሳ ይቀንሳል። ቆጣሪ ሲያጭበረብር አውቃለሁ፤ አሥራ አራት ዓመት ያየሁት ነው። ዲለሩ ጋ ኮል አደረግኩና ላነሳችው ሴት ቆጣሪያችሁ ይዘላል አልኳት።

"ብርድ ስለሆነ ነው ሰር" አለችኝ።

"ቆጣሪ ይበርደዋል እንዴ?"

"ቆጣሪው አይደለም ሰር። ባትሪው ነው የሚበርደው። ሞቅ ያለ ቦታ ያሳድሩት።"

በአገሬ ብርድ የሚመታው ሰውን ነበር። ይኸው እኔ ቤዝመንት በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ መኪናዬ ጋራዥ በርዷት፣ ማን ለማን እንደሚያዝን ግራ ገባኝ። ማሞቂያውን ከከፈትኩ ማይሉ ይሸሻል፣ ከዘጋሁት ጣቴ ይደነዝዛል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል፤ አንዱ እስከ ሰማንያ በመቶ ብቻ ሙላ ይላል፣ ሌላው ለምን ብሎ ይስቃል። በዚሁ ግራ መጋባት ውስጥ አንድ ቀን አንድ የቻርጅ ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ አረፈድኩና ሰባተኛ ፖይንቴን ተቀበልኩ። አንድ ቀረኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ። በዚያው ሳምንት የእነ ሰናይት ፋይል ደርሷል፤ የቀረው ከመሥሪያ ቤቴ "ይህ ሰው እኛ ዘንድ ይሠራል" የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው የሚል መልእክት መጣ። በወሩ መጨረሻ ካልገባ የኢንተርቪው ቀጠሮው ወዴት እንደሚገፋ አይታወቅም። ኤችአር፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ቢሮ ያለችው ሴትዮ ዓርብ ልትሰጠኝ ቃል ገባች፤ "ዓርብ ዕለት አክቲቭ ከሆንክ" የምትል ነገር ጨመረችበት። አክቲቭ ማለት ያልተባረረ ማለት ነው። ሁለት ዓመት የፈጀው ነገር እንግዲህ በዚያች ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ደግሞ እሑድ ኦቨርታይም ስለሠራሁ መኪናዋ በደንብ ሳትሞላ ነው ሳምንቱን የጀመርነው።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አሥራ አንድ ማይል ቀርቷት ነበር። ሰካኋት፣ አረንጓዴዋን መብራት አየሁ፣ ተኛሁ። ረቡዕ ስነሳ ውጭው በሙሉ በረዶ ተጋግሮበት መስታወት መስሏል። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋራዥ ገባሁ። ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ሰሌዳው አሥራ ዘጠኝ ይላል።

እትዬ ብዙነሽ ሻያቸውን ይዘው በሩ ላይ መጡ፤ ፊታቸው በርቷል።

"ደሬ፣ መኪናህን አተረፍኩልህ" አሉኝ። "ማለዳ ለጸሎት ስነሳ መብራቱ ይጫወታል፤ ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ። ሲመለስ በኃይል ነው የሚመጣው፣ ያቃጥለው ነበር። ሮጬ ነቀልኩት።"

ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ነቅለዋል። ሲረጋ እነሱን መልሰው ሰክተዋል፤ የመኪናዋን ግን ትንሽ ይረጋ ብለው ሲጠብቁ የጸሎት እኅታቸው ደውላ ረሱት። አዲስ አበባ ሳሉ ያን የመሰለ ፍሪጅ በዚሁ መንገድ ተቃጥሎባቸዋል። እዚህ ሃያ ዓመት ኖረው እጃቸው አልረሳም። ምን ልበላቸው? ያንን ምክር በየቤቱ እየዞርኩ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መብራት ሲሄድ ሶኬት ንቀሉ፣ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ስንት እናት መርቃኛለች። ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደምናደድ አጣሁ። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አልኳቸውና መኪናዋን አስነሳሁ።

ጋሼ መኩሪያ መኪናቸውን ይዘው ሥራ ሄደዋል። ታክሲ በስልክ ስጠራ ሃምሳ ደቂቃ አለኝ። ሃይዌይ በፍጥነት ስለሚበላ ክሊቭላንድ አቬኑን ይዤ ቀስ እያልኩ ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። ማሞቂያ ዘጋሁ፣ ሬዲዮ ዘጋሁ። መስታወቱ በትንፋሼ ሲሸፈን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ። ቀይ መብራት ሁሉ እኔን ሲጠብቅ የዋለ ይመስል ይይዘኛል። የእኛ ሰዎች ሱቅና ምግብ ቤት ባለበት በኩል ሳልፍ አንድ የማውቀው ሰው እጁን አወዛወዘልኝ፤ እጄን ከመሪው ባነሳ ማይል የሚቀንስ መሰለኝና በአገጬ መለስኩለት።

መንገድ ላይ አንድ ገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት ቻርጀር አለ። ገባሁ። ካርዴን እንቢ አለ፤ አፑ መጀመሪያ አፕዴት አድርገኝ አለ። በላዩ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደወልኩ። የሚያነሳው ሰው የቻርጀሩን ቁጥር ጠየቀኝ፤ በረዶ ሸፍኖታል አልኩት። ያለ ቁጥሩ ሊረዳኝ እንደማይችል በትሕትና ነገረኝ። በመታወቂያዬ ጫፍ ፍቄ ፍቄ ቁጥሩን አነበብኩለት።

"አዎ፣ እሱ ተበላሽቷል" አለኝ። "የሚሠራ ግን ዌስተርቪል አለ፤ ከቤትዎ አጠገብ።"

አመስግኜው ዘጋሁ። ለምን እንዳመሰገንኩት እንጃ።

ኦቤትስ ስገባ ሰሌዳው ቁጥር መናገር አቆመና ሁለት ሰረዝ ብቻ አሳየኝ። ቀጥሎ የኤሊ ሥዕል ወጣ። ወይ አሜሪካ፣ ስድብም በሥዕል ነው። መኪናዋ እንደ ኤሊዋ መሄድ ጀመረች፤ የመጋዘኑ ጣራ እየታየኝ፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቆመች። አንድ ሰው አጠገቤ ዝግ ብሎ መስኮቱን አወረደና "አር ዩ ኦኬይ?" አለኝ። "የስ" አልኩት፤ በይሉኝታ ነው። አገሬ ቢሆን ሳልጠራው ወርዶ ይገፋልኝ ነበር፣ ሌላም ሰው ይጠራልኝ ነበር። እዚህ ግን ደህና ነኝ ካልክ ያምኑሃል፤ መስኮቱን ዘግቶ ሄደ። ልሂድ አብሬህ ማለት እየቻልኩ የራሴ አፍ ጉድ ሠራኝ። በበረዶው ላይ ሮጥኩ። አንድ ጊዜ ወደቅኩ፣ ተነሳሁ፣ ሮጥኩ።

ባጄን መግቢያው ማሽን ላይ ስመታ ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ይላል። አምስት ደቂቃ ይታለፋል፤ ስድስተኛዋ ናት ፖይንቷ።

ሱፐርቫይዘሬ መጥፎ ሰው አይደለም። ቁጭ አድርጎኝ ኮምፒውተሩን ከፈተና ምክንያቴን ጠየቀኝ። መኪናዬ ባትሪ አለቀባት አልኩት፤ ለምን ሌሊቱን እንዳልሰካሁ ጠየቀኝ። ሰክቼ ነበር፣ ያከራዩኝ ሴትዮ ነቀሉት አልኩት።

"ለምን ነቀለችው?"

በእንግሊዝኛ እንዴት እንደማስረዳው አሰብኩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ፍሪጅ፣ አዲስ አበባ፣ ሃያ ዓመት። ሁሉም አፌ ላይ ተቆላለፈብኝ።

"ስለምትወደኝ" አልኩት።

ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው፤ የሚመረጥባቸው ሳጥኖች አሉ፤ ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ ፍርድ ቤት፣ የግል ጉዳይ። "የቱ ላይ ላድርገው?" አለኝ። እኔም አላወቅኩም። ከታች ባዶ ቦታ ላይ የነገርኩትን ቃል በቃል ጻፈልኝ፤ ፖይንቱ ይቁጠር አይቁጠር የሚወስኑት ኤችአሮች እንደሆኑ፣ ዓርብ እንደሚያሳውቁኝ ነገረኝ። እስከዚያው ሥራህን ሥራ አለኝ። ሠራሁ።

ጋሼ መኩሪያ መኪናዋን አስጎትተው አመጡልኝ። ለምን እንደቆመች ሲጠይቁኝ ብርድ ነው አልኳቸው። እትዬ ብዙነሽ አጠገባችን ቆመው "እኔ ባልነቅለውማ ጨርሶ ተቃጥሎ ነበር" አሉ። አዎ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያ ሲመሽ፣ ሰናይት ደወለች። ድምጿ ሌላ ነው፤ እንዲህ ሆና የሰማኋት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አትቆጣኝም ወይ አለችኝ። ምን አድርገሽ አልኳት።

"አልጋውን ሸጥኩት" አለችኝ። "ትልቁን። ቁም ሣጥኑንም ነገ ሊወስዱት ነው። ቤዛ ፍራሹን መሬት ላይ ስታይ ምን አለች መሰለህ? እማዬ፣ አሁን የምር ልንሄድ ነው አለችኝ። ሻንጣዋን ከራስጌዋ አድርጋ ነው የተኛችው።"

ስልኩ ውስጥ ያ ቤት ባዶ ሆኖ ይሰማኛል፤ ድምጿ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል።

"ጥሩ አደረግሽ" አልኳት።

"ደብዳቤው ነገ ነው አይደል የሚሰጡህ?"

"ነገ ነው" አልኳት። "ነገ ይነግሩኛል።"