በጾም የፈቀድኩት ካርቱን

በሁዳዴ ቤታችን ዘፈንና ፊልም አይከፈትም። እናቴ ቤትም እንዲሁ ነበር። ልጄ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ግን "እማዬ፣ ካርቱንስ?" ስትለኝ፣ ካርቱን የሕፃን ነገር ነው ብዬ ፈቀድኩላት። እንዲያውም ደስ አለኝ። አዲሱ ገበያ አጠገቤ አትክልት ለምትሸጠው ሴት "የሌላው ልጅ ፊልም ላይ ተጥዶ ይውላል፤ የኔዋ ካርቱን ነው የምታየው" እያልኩ እኩራራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምስር ልለቅም ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኳ ላይ ትልልቅ ዓይን ያላት ቆንጆ ሕፃን ትታያለች። ፈገግ አልኩ። ወዲያው ሕፃኗ የተኛች እናቷ ደረት ላይ ወጥታ... መጻፉም ይከብደኛል። ሰፌዱ ከእጄ ወድቆ ምስሩ ተበተነ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አኒሜ ነው፤ የጃፓን ካርቱን። ፈቅደሽልኝ የለ እንዴ?"

"ካርቱን እንዲህ ነው?"

"በናትሽ አታካብጂ እማዬ። ስዕል እኮ ነው።"

ምስሩን አብረን ስንሰበስብ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። አኒሜ የሚወዱ ልጆች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው። አንዲት ልጅ "ያለፈው ቀሎኛል። ከሱ የባሰ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ጠቁሚኝ" ትላለች። ልጄ ለማሰብ እንኳ ሳትቆም አንዱን ጠራችላት። "ግን ብቻሽን ሆነሽ እንዳታዪው። እናትሽ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታለች ብለሽኝ የለ? እናትየዋ የምትሞትበትን ክፍል ዝለይው" አለቻት። እኔ ጠዋት ታክሲ ተራ ስሸኛት እንደማስጠነቅቃት ነበር አነጋገሯ። ለካ ክፉ ክፉውን የምትመርጥላቸው እሷ ናት።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ዘንድ ቀረብኩ።

"አባቴ፣ ልጄ በጾም ካርቱን እያየች አስጨነቀችኝ" አልኳቸው።

"ካርቱን?" ብለው ሳቁ። "ሌላው በስንት ነገር ይፈተናል፣ አንቺ በካርቱን ትጨነቂያለሽ? ተያት። ከዘፈን ይሻላል።"

ያየሁትን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ቅጽሩ ውስጥ ቆሜ ያንን ማውራት አቃተኝ። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

እንዴት ልከልክላት? አድጋለች። ብከለክላት ተደብቃ ታያለች፤ አሁን ቢያንስ ዓይኔ ሥር ናት። የሚያስፈራኝ ስዕሉ አይደለም። ምን ብትሆን ነው እንዲህ ያለውን የምትፈልገው? ስጠይቃት "ምንም አልሆንኩም" ትላለች። ራሴ አይቼ እንዳልረዳው ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው።

ባለፈው ሳምንት "ለኔም አንድ ምረጪልኝ። እየተረጎምሽልኝ አብረን እንይ" አልኳት።

"አንቺ?" ብላ ሳቀች። "አትችይውም።"

"አንቺስ እንዴት ቻልሽው?"

ሳቋ ቆመ። ስልኳን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ "እሺ፣ እፈልግልሻለሁ" አለችኝ።

በአካል አይታቸው ለማታውቃቸው ልጆች መልሷ አፏ ላይ ነው። እኔ ግን ከገበያ ገብቼ "አገኘሽልኝ?" ባልኳት ቁጥር "ገና ነኝ" ትለኛለች። ትናንትም ጠየቅኳት።

"ላንቺ የሚሆን የለኝም መሰለኝ" አለችና ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችልኝ። ማዳመጫውን ግን ከጆሮዋ አላወለቀችም። ተቀመጥኩ። እሷ ስልኳን፣ እኔ ፊቷን እናይ ጀመር።